ጮቄን በውርጭና በዝናብ ወራት መውጣት፦ ከቤት እስከ ጫፍ፣ ከጫፍ እስከ ቤት

ጮቄ ሲያዩት ገር ተራራ ነው። እንደ ሰሜን ተራሮች ገደሉ ከሩቅ አያስፈራም። ከደብረ ማርቆስ ተነስታችሁ ረቡዕ ገበያን አልፋችሁ፣ የገብሱንና የድንቹን ማሳ ተሻግራችሁ ጓሳው፣ ማለትም የደጋው ሣር፣ ላይ ስትደርሱ «ይኼማ ሜዳ ነው» ትላላችሁ። ችግሩ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ሰው ለሚያስፈራው ተራራ ይዘጋጃል፣ ለገሩ ግን አይዘጋጅም። ሸራ ጫማ አድርጎ፣ ቀጭን ጃኬት ደርቦ፣ አንድ ላስቲክ ውሃ ይዞ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ይወርዳል። በረዶው ይከተላል። ልብሱ ከራሰ በኋላ ንፋሱ ይነሳል። ያኔ ተራራው ገር አይደለም።

አሁን አሁን ከደብረ ማርቆስም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከአዲስ አበባም ጮቄን ልውጣ የሚል ወጣት በዝቷል። ደስ ይላል። ይህንን የጻፍኩት ሁሉም በሰላም እንዲመለሱ ስለምፈልግ ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። ስለ ተራራ አደጋ ኢንተርኔት ላይ ብታነቡ አብዛኛው የሚያወራው ስለ በረዶ ናዳ ነው። በአልፕስ ወይም በሂማላያ ተራሮች ክረምቱን ሙሉ የተከመረ በረዶ፣ ከሥሩ ያለው ደካማ ንጣፍ ሲከዳው፣ እንዳለ ተሰንጥቆ ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ነው። ይበልጥ አደገኛ የሚባለው ጊዜ ደግሞ ከባድ በረዶ በጣለበት ቀንና በማግስቱ ነው። ሰው ከሞተባቸው ናዳዎች በአብዛኞቹ ናዳውን የቀሰቀሰው ራሱ ተጎጂው ወይም የጉዞ ጓደኛው ነው። በጮቄ እንዲህ ያለ ናዳ የለም። በረዶ ጥሎ መሬቱን ነጭ ቢያለብሰውም ከርሞ አይከመርም፣ ፀሐይ ሲወጣ ይቀልጣል። የእኛ ናዳ የአፈርና የድንጋይ ነው። ግን የዚያ አገር ተራራ ወጪዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ለእኛም ይሠራል፦ ተዳፋቱ ምን ያህል ያዘነብላል? ትናንትና ከትናንት ወዲያ ምን ወረደበት? እኔ አሁን የቆምኩት ከምን በታች ነው?

የተራራው አቀማመጥ

ጮቄ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ዕድሜው ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ከዳር እስከ ዳር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ ሰፊ ጉብታ ሲሆን አናቱ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከዚህ ተነስተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ወንዞቹ ጉብታውን ለረጅም ዘመን እየሰነጠቁ ጥልቅ ሸለቆ ሠርተውበታል።

ስለዚህ አናቱ ዝርግ ነው፣ ጠርዙ ግን ገደል ነው። ጥርት ባለ ቀን ይህ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጉም ቀን ግን አይታይም። አናቱ ላይ የጠፋ ሰው ዋና አደጋው መጥፋቱ አይደለም። ውረድ ውረድ ብሎት ወደ አንዱ ሸለቆ አፍ መሄዱ ነው።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ ጥቅምትና ኅዳርን ምረጡ። ዝናቡ አብቅቷል፣ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ድረስ ቀኑ ቆንጆ ነው፣ ሌሊቱ ግን ሌላ ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት ምድሩ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ማለዳ ጓሳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የወንዝ መሻገሪያ ድንጋዮች በስስ በረዶ ይሸፈናሉ፤ ስሱ በረዶ ደግሞ በዓይን አይለይም። እግር የሚሰበረው በአብዛኛው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እርጥብ የሚመስል ድንጋይ ካያችሁ በረዶ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። በዱላ ሞክሩት፣ ካንሸራተተ አትርገጡት።

ውርጭ በአፈሩም ላይ ይሠራል። ሌሊት በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ እንደ መርፌ ቀጥ ቀጥ ብሎ ይረጋና የላይኛውን አፈር ያነሳዋል። ጠዋት ስትረግጡት ይንኮሻኮሻል። ረፋድ ላይ ሲቀልጥ ያው አፈር ልል ጭቃ ይሆናል። ጠዋት በቀላሉ የወጣችሁበትን ቁልቁለት ከሰዓት ስትመለሱ ሊያንሸራትታችሁ ይችላል። የመመለሻ መንገድ ስትመርጡ ይህን አስቡ።

የካቲትና መጋቢት ደረቅ ናቸው። ሚያዝያና ግንቦት ግን ተጠንቀቁ፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ነጎድጓድና በረዶ ነው። ብዙ ሰው በጋ ነው ብሎ የሚዘናጋው በነዚህ ወራት ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ለመዝናናት አትውጡ። የግድ የሚያስወጣ ጉዳይ ካለባችሁ፣ ለምርምር ወይም ለሥራ ወይም ዘመድ ጥየቃ፣ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ተዳፋቱን ማንበብ

በክረምት ከሁሉም የከፋው አደጋ ይኼ ነው። ሰው መብረቅን ይፈራል፣ ጅብን ይፈራል፣ የቆመበትን አፈር ግን አይጠረጥርም።

አፈር የሚናደው በውሃ ሲጠግብ ነው። ዝናቡ ቀን ከሌሊት ሲወርድ ውሃው ሰርጎ ከሥር ያለው ጥብቅ ሸክላ ወይም አለት ጋ ይደርሳል። ከዚያ በታች መስረግ አይችልም። በሁለቱ መካከል ይጠራቀምና የላይኛውን አፈር ከፍ አድርጎ ከመያዣው ያላቅቀዋል። አፈሩ ከብዷል፣ መያዣው ላልቷል፣ ስለዚህ ይወርዳል። ዛፉ ተቆርጦ ሥር ያልቀረበት ቦታ፣ መንገድ ሲሠራ እግሩ የተቆረጠ ዳገት፣ ዳገት ላይ የታረሰ ማሳ ይህ ነገር ይቀናቸዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በዓባይ በረሃ ያለፈ ሰው አስፋልቱ እንዴት እንደሚሰምጥና እንደሚጣመም አይቶታል። ያም መሬቱ ከሥሩ እየተንሸራተተ ነው።

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ያለፉትን ሦስት ቀናት ጠይቁ። የዛሬው ሰማይ ጥርት ማለቱ አይበቃም። ከባድ ዝናብ ያለማቋረጥ ከወረደ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ቢሆን ሁለት ሦስት ቀን ቆዩ። ውሃው ከላይ መውረዱን ቢያቆምም ከሥር መስረጉን አያቆምም።

ቀጥሎ ዳገቱን ለኩ። ጎጃም ውስጥ ዱላ የሌለው ሰው የለም፣ መለኪያችሁ እሱ ነው። እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ዱላዎች ያዙ። ፊታችሁን ወደ ቁልቁለቱ አዙሩ። አንዱን ዱላ፣ አንደኛው ጫፉ ተዳፋቱን እንደነካ፣ ሌላው ጫፍ ወደ ቁልቁለቱ ወጥቶ አየር ላይ እንዲቆም አድርጋችሁ አግድም ያዙት። ሁለተኛውን ዱላ ከዚያ ከወጣው ጫፍ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች አውርዱት። የዱላው መጨረሻ ልክ መሬት ከነካ ዳገቱ 45 ዲግሪ ነው። መሬት ለመንካት የዱላው ግማሽና ትንሽ ፈቅ ያለ ብቻ ከበቃ ወደ 30 ዲግሪ ነው። ዱላው አልቆ መሬት ካልደረሰ ከ45 በላይ ነው። ስልካችሁ ላይም ማዕዘን የሚለካ መተግበሪያ አለ፤ ዱላው ላይ አስተኝታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።

ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነና በውሃ የጠገበ ዳገት ላይ አትሂዱ፣ ከሥሩም አትቀመጡ። ግን ከ30 በታች ነው ብላችሁም አትዘናጉ። በዚህ ላይ አፈር ከበረዶ ይለያል። ሸክላ አፈር ውሃ ሲጠግብ በለስላሳ ተዳፋትም ላይ ይንሸራተታል። ደግሞም ከላይ የተነሳው ጭቃ ሜዳ እስኪያገኝ አይቆምም፣ ሜዳም ካገኘ በኋላ ይሮጣል።

መሬቱ ራሱ ምልክት ይሰጣል። እነዚህን ፈልጉ፦

- ዳገቱን አግድም የሚያቋርጥ አዲስ ስንጥቅ። ይህ ከሁሉም የበለጠ ምልክት ነው። ካያችሁት ወዲያው ወደ ጎን ውጡ።
- ያዘመመ ባሕር ዛፍ፣ የተንጋደደ የመብራት ምሰሶ፣ የተወጠረ አጥር።
- የዳገቱ እግር ላይ ያበጠ መሬት።
- ትናንት ያልነበረ ምንጭ ማፍለቅ ሲጀምር፣ ወይም የነበረው ሲደርቅ ወይም ሲደፈርስ።
- ዝናብ እየዘነበ የወንዙ ውሃ በድንገት ሲቀንስ። ከላይ ናዳ ዘግቶታል ማለት ነው። ሲለቀው በአንዴ ይመጣል። ከወንዙ ራቁ፣ ለታችኞቹም ጩኹ።

የተጠራጠራችሁትን ቦታ የግድ መሻገር ካለባችሁ አንድ በአንድ ተሻገሩ። አንዱ ሲሻገር ሌሎቹ ደህና ቦታ ቆማችሁ ዓይናችሁን ከላይኛው ዳገት አትንቀሉ። መሃል ላይ ማረፍ፣ ፎቶ ማንሳት፣ የጫማ ማሰሪያ ማጥበቅ የለም። ናዳው ከመጣ ወደ ታች አትሩጡ፣ አትቀድሙትም። ወደ ጎን፣ ወደ ሸንተረሩ ሩጡ።

ሌላው ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ነው። በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ናቸው። ኡኡታ ሲሰማ መሮጥ የእኛ ባህል ነው፣ መልካም ባህል ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ከላይ ያለውን ዳገት ብቻ እንዲጠብቅ መድቡ። ሥራው ማየትና መጮህ ብቻ ይሁን። አካፋ አይንካ። የሚቆፍሩትም ጥቂት ይሁኑ፣ ሌላው ሕዝብ ከጎን ካለ ደህና ቦታ ሆኖ ይተካካ።

ሰው መጠየቅ

ከማንኛውም መተግበሪያ በላይ የሚያውቀው እዚያው የሚኖረው ነው። በመጀመሪያ የጸጥታውን ነገር ጠይቁ። መንገዱ ሰላም መሆኑን የምታውቁት እዚያ ካለ ሰው ጋር ስትነጋገሩ ነው፤ ካልተረጋገጠላችሁ ጉዞውን ተዉት። ተራራው የትም አይሄድም።

ከዚያ ስለ አየሩና ስለ መንገዱ ጠይቁ። «እንዴት አደሩ አባ፣ ሰላም ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። እህሉን፣ ከብቱን፣ ጤናውን ጠይቁ። ቸኩሎ መንገድ የሚጠይቅን እንግዳ ሰው ደስ ብሎት አያናግርም። ቀጥሎ «ትናንት ማታ ወደ ላይ ዘነበ? ጉሙ በስንት ሰዓት ይወርዳል? ዘንድሮ የተናደ ቦታ አለ? ወንዙን በየት በኩል ነው የምትሻገሩት?» በሉ። እረኛ ልጅ ካገኛችሁ እሱንም ጠይቁት። ከብት በየት እንደሚያልፍና በየት እንደማያልፍ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ከብት ያላለፈበት መንገድ ለእናንተም አይሆንም።

መሪ ከቀጠራችሁ በደንብ ክፈሉት። እንመለስ ሲላችሁም ተመለሱ። «ገንዘብ ከፍለናል» ብሎ መሪን መጫን ነውርም አደጋም ነው።

ልብስ

ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ አናቱ ከከተማው በ10 ዲግሪ ያህል ይበርዳል። ንፋሱ ሲጨመር ሰውነት የሚሰማው ከዚህም ይከፋል።

ደረቅ ጋቢ የሚያህል ነገር የለም። የራሰ ጋቢ ግን ውሃ ተሸክሞ ሙቀታችሁን ይመጥጣል። ጥጥ በሙሉ እንዲህ ነው፣ ካናቴራም ጂንስም። ስለዚህ ጋቢውን በፌስታል ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡት፣ ለማደሪያ ይሁን። ስትሄዱ ከሥር ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ፣ ከላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ውሃና ንፋስ የማያስገባ ካፖርት ይሁን። የደጋው ሰው ከሱፍ የተሠራ በርኖስና ባና የሚለብሰው በምክንያት ነው። ሱፍ እርሶም ቢሆን ያሞቃል።

የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ አትርሱ። ቅያሪው በላስቲክ ይጠቅለል። ሶሉ የተበላ ጫማ ለጭቃው አይሆንም። ፀሐዩም ከታች ካለው ይበረታል፤ ባርኔጣ ወይም ነጠላ አናታችሁ ላይ ይኑር።

ስንቅ

በሶና ቆሎ። ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ይህን ያህል የሚያቆይ ምግብ አላውቅም። በሶውን በውሃ በጥብጣችሁ ትንሽ ስኳር ወይም ማር ጨምሩበት። ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ያዙ፤ ለመጠጣት ብቻ ሳይሆን ብርድ ለመታው ሰው መድኃኒት ነው። አናቱ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 86 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ባቄላ ለመቀቀል አትድከሙ፣ ማገዶውም ጊዜውም አይበቃም።

አረቄ ግን አትያዙ። ያሞቃል ይባላል፣ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። አረቄ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ለጊዜው ሙቀት ይሰማል፣ ያ ሙቀት ግን ከውስጥ አካል የተነሳ ነው፣ ወዲያውም ወደ አየሩ ይበናል። ማታ ብርድ ላይ አረቄ ጠጥቶ ውጭ የተኛ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው።

ሰዓት

በክረምትና በሚያዝያ፣ በግንቦት ዝናቡና መብረቁ በብዛት የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ምድሩን አሙቃ አየሩ ሽቅብ ሲወጣ ደመናው ይገነባል። ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሱ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከሸንተረሩ ላይ ውረዱ።

የመመለሻ ሰዓታችሁን ቤት ሳላችሁ ወስኑ፣ ጻፉትም፣ ለቤተሰብም ተናገሩ። «5 ሰዓት ተኩል ላይ የትም እንሁን እንመለሳለን» ብላችሁ። ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀረውም ተመለሱ። ይህን ለማክበር ይከብዳል፤ ጫፉ እየታየ፣ ጓደኛ «ትንሽ ናት» እያለ መመለስ ያማል። ለዚህ ነው ውሳኔው ከታች፣ ልብ ሳይሞቅ መወሰን ያለበት።

መብረቅ

ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ። ድምፁ በሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። 30 ሳትደርሱ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ እናንተንም ይደርሳል። ቶሎ ከሸንተረሩ ውረዱ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ላይ አትመለሱ።

ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ሜዳው ላይ ከሁሉ የሚረዝመው ጅብራ፣ የደጋው ረጅም ተክል፣ ብቻ ከሆነ ከጅብራውም ራቁ። ጥልቀት በሌለው ዋሻ አፍ ላይም አትቁሙ። ጣራው ብረት የሆነ መኪና ካለ ግቡ። ምንም ከሌለ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጉ፣ እግራችሁን ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ፣ አትተኙ። ተራራቁ፣ አንዱ መብረቅ ሁላችሁንም እንዳይመታ። ፀጉራችሁ ከቆመ ወይም ቆዳችሁን ከነዘራችሁ አትጠብቁ፣ ያን ቦታ ወዲያው ልቀቁ።

መብረቅ የመታውን ሰው መንካት አያስነዝርም። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፣ በፍርሃት ሳይረዱት የሚሞት አለ። ትንፋሹ ቆሞ ከሆነ ወዲያው ደረቱ መሃል ላይ በሁለት እጅ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ በኃይል ተጫኑ። ስልጠና ያለው ካለ ትንፋሽም ይስጠው።

ጉም

ጉሙ ሳይወርድ የቆማችሁበትን አስተውሉ። ንፋሱ ከየት ነው፣ መንገዱ በየት በኩል ነው፣ ሸለቆው የት ነው? የመንገዱን ካርታ ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ከቤት አውርዳችሁ ውጡ። ብርድ ባትሪ ይገድላል፣ ስልኩን ከደረታችሁ አጠገብ ባለ ኪስ ያዙት።

ጉሙ ከወረደ ተሰብሰቡ። ከፊት ያለው የኋለኛውን ማየት ካልቻለ ቁሙ። ውሃ ተከትሎ መውረድ ሰፈር ያደርሳል የሚል ምክር አለ፤ ለጮቄ አይሆንም። እዚህ ወንዝ የሚያደርሰው ገደልና ፏፏቴ ላይ ነው። የመጣችሁበትን ዱካ ተከተሉ፣ ወይም ንፋስ በማይመታው በኩል ቁጭ ብላችሁ ጉሙ እስኪገፍ ጠብቁ። አንድ ሰዓት መጠበቅ አያዋርድም። የውሻ ጩኸት ወይም የቤተ ክርስቲያን ደወል ከሰማችሁ አቅጣጫውን ምልክት አድርጉ፣ ግን ገደል መኖሩን ሳታዩ ድምፅ ተከትላችሁ አትሩጡ።

ወንዝ

ወንዝ ጠዋት ይሻላል። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ ላይኛው አገር ዘንቦ ሊሆን ይችላል፣ ደራሽ ጎርፉ ያኔ ነው ሰው የሚወስደው። ውሃው ከጉልበት በላይ ሆኖ የሚወርድ ከሆነ አትግቡ። ከገባችሁ ፊታችሁን ወደ ላይኛው ውሃ አዙሩ፣ ዱላውን ሦስተኛ እግር አድርጉ፣ የቦርሳችሁን የወገብ ማሰሪያ ፍቱ። ድንጋይ ሲንከባለል ከውሃው ሥር ከሰማችሁ ወይም ቅጠልና ግንድ ይዞ ከመጣ ውጡ።

ብርድ የመታው ሰው

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋ ነው። ለዚህ ከዜሮ በታች መቀዝቀዝ አያስፈልግም። ዝናብ፣ ንፋስና ድካም ከተገናኙ ይበቃል።

መጀመሪያ ይንዘፈዘፋል። ጣቱ ቆፍኖ ዚፑን መዝጋት ያቅተዋል። ቀጥሎ ምላሱ ይኮላተፋል፣ ይደናቀፋል፣ ይነጫነጫል፣ «ተዉኝ ልተኛ» ይላል። መንዘፍዘፉ ሳይሞቀው ካቆመ ተሻለው ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ሰውነቱ አቅም አልቆበት ነው። ራሱ ችግር ላይ መሆኑን አያውቅም፣ ስለዚህ የሚወስነው ጓደኛው ነው።

ከንፋስ አስጠልሉት። የራሰውን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት። ከሥሩ ቦርሳ፣ ጓሳ፣ ያገኛችሁትን አንጥፉ፣ መሬቱ ከአየሩ ይልቅ ይመጥጠዋልና። በጋቢ ጠቅልላችሁ ደረቱንና ብብቱን አሙቁ፤ ሰው ጋቢው ውስጥ ገብቶ ሊያቅፈው ይችላል። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጡት። እጅና እግሩን አትሹት፣ እሳት አጠገብም አታስጠጉት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት፣ በቀስታ አንሱት። መናጥ ልብን ሊያቆም ይችላል።

ከፍታ

አናቱ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። የደጋ ልጅ ብዙም ላይሰማው ይችላል። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ግን በቀጥታ አታውጡት፣ ደብረ ማርቆስ አንድ ሁለት ቀን ይረፍ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዘው ከዚያ በላይ አይውጣ። እየባሰበት ከሄደ፣ ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን አውርዱት። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ማደር

ድንኳን ሸለቆ ግርጌ አትትከሉ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ታች ይፈስና እዚያ ይተኛል፣ ውርጩም እዚያ ይበረታል፣ ጎርፍም የሚመጣው በዚያ ነው። ሸንተረሩ አናት ላይም ንፋስ ነው። መሃል ላይ፣ ከፈፋ አፍ ርቆ ያለ ደልዳላ ቦታ ፈልጉ።

ከሰል ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። የተዘጋ ጎጆ ውስጥም አታድሩበት። ጭሱ ቢጠፋም ሽታ የሌለው ጋዝ ይወጣዋል፣ ተኝቶ የሚቀር ሰው አገራችን ውስጥ ስንት ነው! እሳቱን ውጭ ሞቃችሁ ግቡ። ጅብራና አስታ ቆርጣችሁም አታንድዱ። ጅብራ ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚደርቅ ተክል ነው፣ አስታም ቶሎ አይተካም፣ አፈሩንም የያዙት እነሱ ናቸው።

ከመሸባችሁ ቅርብ ወዳለ ቤት ሂዱ። በር ላይ ቆማችሁ «የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን» በሉ። ጎጃም ውስጥ ይህን ብሎ ውጭ ያደረ ሰው አልሰማሁም። ጠዋት ስትወጡ ቡና ወይም ስኳር ትታችሁ ውጡ።

አደጋ ከደረሰ

እዚያ ላይ ሄሊኮፕተር የሚያስነሳ የተራራ አድን ቡድን የለም። የሚያድናችሁ ገበሬው ነው። አንድ ሰው ከተጎጂው ጋር ይቅር፣ ሁለት ሆነው ወደ ቅርብ መንደር ይውረዱ። ቦታውን፣ የተጎጂውን ሁኔታና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ፣ ሲደነግጡ ይረሳልና። ኔትወርክ ሲገኝ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ መኪናው እስከሚገባበት መንገድ ድረስ ግን ሰውየው በሰው ትከሻ መውረድ አለበት።

ቃሬዛው የሚሠራው እንዲህ ነው። ከሰው ቁመት ትንሽ የሚረዝሙ ሁለት ጠንካራ ዱላዎች ይዘጋጁ። ጋቢውን መሬት ላይ ዘርጉ። አንዱን ዱላ ከአንደኛው ዳር አንድ ሦስተኛው ላይ አስቀምጡና ዳሩን በላዩ አጥፉ። ሁለተኛውን በታጠፈው ዳር ላይ፣ ከመጀመሪያው ክንድ ያህል አርቃችሁ አስቀምጡና የቀረውን ጋቢ በሁለቱም ላይ መልሱ። የተጎጂው ክብደት ራሱ ጋቢውን ያጠብቀዋል። ከመጫናችሁ በፊት ጤነኛ ሰው አስተኝታችሁ አንሱትና ሞክሩት። ስድስት ወይም ስምንት ሰው ሆናችሁ በየአሥር ደቂቃው ተቀያየሩ። በቁልቁለቱ እግሩ፣ በዳገቱ ራሱ ይቅደም። ከፊት አንድ ሰው በዱላ መንገዱን እየነካ ይምራ፣ የሚያንሸራትት ነገር ሲያገኝም ጮክ ብሎ ለተሸካሚዎቹ ይንገር።